የመካከለኛው ኩሽኔታ አለዋወጥ

ለዘንድሮው መጽሔታችን አንድ ትምህርታዊ ጽሑፍ አቅርብ በተባልሁ ጊዜ ርእስ ፍለጋ ሩቅ አልሄድሁም። ባለፈው ክረምት ሦስት ቀን ሙሉ በአባቴ የጭነት መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ያየሁትን ነገር፣ ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋርም የሚገናኝ ስለ ሆነ፣ ለመጻፍ ወሰንሁ። ይኸውም የመኪና ኃይል አስተላላፊ ዘንግ መካከለኛ ኩሽኔታ ሲያረጅ በምን እንደሚታወቅና በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ነው። በሥራው መካከል የፈጸምሁትን አንድ ትልቅ ስሕተትም ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ እርሱን ብተወው ከጽሑፉ ዋነኛው ክፍል ይጐድላልና።

መኪናው አይሱዙ ኤንፒአር የሚባለው ነው። በገበያ ቀን በሶዶ ከተማ መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ይህ ዐይነቱ የጭነት መኪና እንግዳ ስላልሆነ መልኩን መግለጽ አያስፈልገኝም። አባቴ በዚሁ መኪና ከሁምቦ ጠበላ በቆሎና ማንጎ፣ ከቦዲቲና ከአረካ በኩል ደግሞ ስኳር ድንችና ጎደሬ ያመላልሳል። የቤታችን ወጪና የእኔም የደብተር ዋጋ የሚገኘው ከዚሁ ስለ ሆነ መኪናው አንድ ሳምንት ቢቆም በማዕዳችን ላይ ወዲያው ይታወቃል።

አስቀድሞ ዘንጉ ምን እንደ ሆነ ልግለጽ። የዚህ መኪና ሞተር ከፊት ነው፤ የሚነዱት ጎማዎች ግን የኋላዎቹ ናቸው። ስለዚህ የሞተሩን ኃይል ከካምቢዮው ተቀብሎ እስከ ዲፈረንሻሉ የሚያደርስ፣ እየተሽከረከረ የሚሠራ የብረት ቧንቧ በመኪናው ሆድ ሥር ተዘርግቷል። በዚህ ጽሑፍ ዘንግ የምለው እርሱን ነው። በረጃጅም መኪናዎች ላይ ይህ ዘንግ አንድ ወጥ ሳይሆን ከሁለት የተቀጠለ ነው። ከሁለት መቀጠሉ ለምን አስፈለገ ቢባል መልሱ በገመድ ዝላይ ውስጥ ይገኛል። ሁለት ልጆች ረጅም ገመድ ይዘው ሲያሽከረክሩ መካከሉ ወደ ውጭ ይለጠጣል። ብረትም ቢሆን ረጅምና ቀጭን ሆኖ በብርቱ ሲሽከረከር እንደዚሁ ሊጎብጥ ይፈልጋል፤ መጉበጥ የሚጀምርበትም የተወሰነ ፍጥነት አለው። የዘንጉ ርዝመት በግማሽ ሲያንስ ይህ አደገኛ ፍጥነት በ4 እጥፍ ወደ ላይ ይርቃል። መሐንዲሶቹ ዘንጉን ለሁለት ከፍለው መካከሉን በኩሽኔታ ያንጠለጠሉት ስለዚህ ነው።

ኩሽኔታው ራሱ ሁለት የብረት ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚንከባለሉ የብረት ኳሶች ናቸው። የውስጠኛው ቀለበት ከዘንጉ ጋር ይዞራል፤ የውጭኛው ግን አይዞርም። ውጭኛው በወፍራም ጎማ ውስጥ ተቀምጧል፤ ጎማውም በብረት ቅንፍ ተይዞ በሁለት ቡሎን ከሻንሲው ጋር ታስሯል። ጎማው ያስፈለገው የዘንጉ ንዝረት ወደ ሻንሲው እንዳያልፍ ነው። ስሙም የተስማማው ነው፤ ኩሽኔታ የሚለውን ቃል ያገኘነው ከጣልያንኛ ሲሆን ትርጉሙ «ትንሽ ትራስ» ማለት ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ክሪክ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ የሚሉት የጋራዥ ቃሎች ሁሉ ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው። በኳስ የሚንከባለል ኩሽኔታን ለሠረገላ ዘንግ አድርጎ የፈጠራ መብት የተቀበለው ፊሊፕ ቮን የተባለ በዌልስ አገር የሚኖር ብረት ሠሪ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1794 ነበር። ከዚያ በፊት ብረት በብረት ላይ እየተፋጨ፣ ሞራ እየተቀባ ይሠራ ነበር።

ይህ ትንሽ ትራስ ምን ያኽል እንደሚደክም ለማወቅ ከታናሽ ወንድሜ ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። በኋላ ጎማው ላይና በዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገን መኪናውን በዜሮ ማርሽ ቀስ ብለን ገፋነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው 2 ሜትር ተኩል ገደማ ሄደ፤ ዘንጉም 5 ጊዜ ተኩል ያኽል ዞረ። እንግዲህ በ1 ኪሎ ሜትር ጎማው 400 ጊዜ፣ ዘንጉ ደግሞ 2,200 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በየደቂቃው 1 ኪሎ ሜትር ስለሚፈጅ ኩሽኔታው በደቂቃ 2,200 ጊዜ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞም 220,000 ጊዜ ይሽከረከራል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ፋብሪካው በጨመረለት ትንሽ ግራሶ ነው።

አሁን ወደ በሽታው እንምጣ። ድምፁ የጀመረው በሰኔ ወር ነው። ፍጥነቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ከወለሉ ሥር የንብ ቀፎ የመሰለ ድምፅ ይነሣል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ይቀጥናል፤ ሲቀንስ ይወፍራል። አባቴ «የጎማ ድምፅ ነው» አለ። ረዳቱ ደግሞ «የኋላ እግር ኩሽኔታ ነው» ብሎ ተከራከረ። በአንድ ጋራዥ ታይቶ የኋላው እግር ኩሽኔታ ተለወጠ፤ ገንዘቡም ወጣ፤ ድምፁ ግን እንደ ነበረ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው በሠፈራችን በመካኒክነት ረጅም ዘመን የሠሩትንና አሁን በጡረታ ያሉትን ሽማግሌ የለመንናቸው። እርሳቸውም መኪናውን ሳይነኩ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁን። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲጮኽ ድምፁ ይሰማልን? አይሰማም። እንግዲያው ከሞተሩ አይደለም። መኪናው በመሄድ ላይ ሳለ ማርሹ ወደ ዜሮ ሲመለስ ድምፁ ይጠፋልን? አይጠፋም። እንግዲያው ከጎማዎቹ ጋር የሚዞር አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ዘንጉ፣ ዲፈረንሻሉ ወይም የእግሩ ኩሽኔታ ነው። መንገዱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲጠመዘዝ ድምፁ ይለወጣልን? አይለወጥም። በጥምዝ ላይ የመኪናው ክብደት ወደ አንድ ወገን ስለሚያጋድል የእግር ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ በአንዱ ጥምዝ ሊብስ፣ በሌላው ሊቀንስ ይገባው ነበር።

«ጋሼ፣ እንግዲያስ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ከሥሩ ግባና ዘንጉን መካከሉ ላይ ይዘህ ነቅንቀው» አሉኝ።

ገብቼ ብነቀንቀው ዘንጉ ከነኩሽኔታው ወደ ላይና ወደ ታች ሁለት ጣት ያኽል ተጫወተ። ዙሪያውን የያዘው ጎማም ከታች በኩል ተቀድዶ ኖሯል። ጎማ ስለ ሆነ ትንሽ መለመጡ ጤናማ ነው፤ መቀደዱና ብረቱ ብረትን መንካቱ ግን በሽታ ነው። በዚያው እግረ መንገዴን ክሮቼራዎቹንም መረመርሁ። የክሮቼራ በሽታ ምልክቱ ሌላ ነው፤ መኪናው ሲነሣ ወይም ማርሽ ሲለወጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል እንጂ አያንጐራጕርም። ከሦስቱ ክሮቼራዎች የመካከለኛው ደርቆ በግድ የሚታጠፍ ሆኖ አገኘሁት። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በማግሥቱ ጧት ሥራውን ጀመርሁ። መጀመሪያ ዘንጉ የሚገጣጠምበትን ቦታ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ አጽድቼ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁ፤ አንዱን በዲፈረንሻሉ መግጠሚያ፣ ሁለተኛውን በመካከለኛው መግጠሚያ፣ ሦስተኛውን ዘንጉ እየረዘመና እያጠረ በሚንሸራተትባቸው ጥርሶች ላይ። ይህ ምልክት እንዲሁ ለጥንቃቄ ያኽል የሚደረግ የሚመስለው ሰው አለ። ነገር ግን ምክንያቱ ከሒሳብ የሚወጣ ነው። ክሮቼራ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ታጥፎ ሲዞር የሚያስተላልፈው ፍጥነት እኩል አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜም ይዘገያል። መታጠፊያው 10 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም ከመቶ 1 ተኩል ያኽል ነው፤ 20 ዲግሪ ቢሆን ግን ከመቶ 6 ይደርሳል። የአንግሉን ኮሳይን ያወጣ ተማሪ ይህን ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። መድኃኒቱ አንዱ ክሮቼራ ያፈጠነውን ሌላው እንዲያዘገየው ሁለቱን በትክክል አሰላልፎ መግጠም ነው። ከጥርሶቹ አንዱን ብቻ ስቶ የገጠመ ሰው ይህን ማካካሻ ያበላሸዋል፤ አዲሱን ኩሽኔታ ከገጠመ በኋላም መኪናው ሲንቀጠቀጥ ኩሽኔታውን ይረግማል።

እዚህ ላይ ስሕተቴ ይመጣል። ከተማችን በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተሠራች ስለ ሆነች ፍጹም ሜዳ የሆነ ግቢ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ የእኛም ግቢ ወደ አጥሩ በር ዘቅዘቅ ይላል። እኔም የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ማርሽም አስገብቼ፣ መኪናው በሁለት ነገር ታስሯል ብዬ ተማመንሁ። አባቴ ከቤት ሊወጣ ሲል «ታኮ አድርግበት» አለኝ። በልቤ አባቴ የጥንት ሰው ስለ ሆነ ነው እያልሁ፣ ለቃሉ ያኽል ብቻ አንድ ድንጋይ አንሥቼ ከፊተኛው ጎማ ፊት ጣል አደረግሁ። ድንጋዩን ከጎማው ጋር እንኳ አላስጠጋሁትም።

ከዚያ በኋላ ከሥሩ ገብቼ በዲፈረንሻሉ በኩል ያሉትን 4 ቡሎኖች መፍታት ጀመርሁ። ታናሽ ወንድሜ መፍቻ ሊያቀብለኝ በፊተኛው ጎማ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አራተኛው ቡሎን እንደ ወጣ ዘንጉ ከክንዴ አጠገብ መሬት ላይ ወደቀ፤ በዚያችው ቅጽበት መኪናው ምንም ድምፅ ሳያሰማ ተንቀሳቀሰ። ከላዬ ያለው ብረት ሁሉ ወደ እግሬ በኩል ሲሄድ አየሁ። አንድ ስንዝር ያኽል ሄዶ ጎማው ያንን ድንጋይ ነከሰና ቆመ። ወንድሜ እጁን ከጎማው ፊት ያነሣው ዳዶ ሊያቀብለኝ ዘወር ስላለ ብቻ ነው።

ለምን ሆነ? ማርሽ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው በዘንጉ በኩል ነው። ዘንጉ ከተፈታ ማርሽ የሚይዘው ካምቢዮውን ብቻ ይሆናል። የእጅ ፍሬኑም ቢሆን በብዙ ትንንሽ መኪናዎች የኋላ ጎማዎችን በቀጥታ ይይዛል፤ በዚህ ዐይነቱ የጭነት መኪና ግን የእጅ ፍሬኑ ከበሮ ያለው ከካምቢዮው በስተኋላ ነው፤ የሚይዘውም የዘንጉን መነሻ ነው። አንዳንድ የድሮ ላንድ ክሩዘሮችም እንደዚሁ ናቸው። እኔ ሁለት ማሰሪያ ነው ያልሁት በእውነቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ያንንም በገዛ እጄ ፈታሁት። የፊዚክስ መምህራችን ይህን ስነግራቸው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን ሥለው ለክፍሉ አስረድተውበታል።

እናቴ በዚያ ቀን ሥራው እንዲቀር አዘዘች። አባቴ ሲመጣ ግን ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንግዲህ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኝ» አለ። መኪናውን አብረን ገፍተን ከግቢው የተሻለ ሜዳ ወደ ሆነው ጥግ አደረስነው፤ ለሁለት ጎማ ከፊትም ከኋላም የእንጨት ታኮ በመዶሻ መትተን አስጠጋን። የዘንጉን ጫፍ ደግሞ የመጨረሻው ቡሎን ከመውጣቱ በፊት በገመድ ከሻንሲው ጋር ማንጠልጠል እንደሚገባ ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ መኪና ከመሬት ከፍ ያለ ስለ ሆነ ክሪክ አላስፈለገንም። ዝቅ ያለ መኪና ያለው ሰው ግን በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ከቶ አይግባ፤ ጽኑ መደገፊያ ያድርግበት።

የቀረው መፍታት አጭር ነው። የቅንፉን ሁለት ቡሎኖች ፈትተን ዘንጉን አወረድን፤ በጎረቤታችን ብየዳ ቤት ባለው ሞርሳ አስረን ትልቁን ዳዶ ፈታን፤ መግጠሚያውንና ኩሽኔታውን ባለ ሦስት ጥፍር ማውጫ ስበን አወጣን። ዳዶው እንዳይላላ ጠርዙ ወደ ዘንጉ ቦይ ተቀጥቅጦ የገባ ስለ ሆነ አስቀድሞ በመሮ ማቅናት ያስፈልጋል።

አሮጌውን ኩሽኔታ በቤንዚን ሳላጥብ ከፈትሁት። ግራሶው ከቀይ አፈራችን ጋር ተለውሶ እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ሆኗል። ኳሶቹ የሚሄዱበት ቦይ በትንንሽ ጕድጓዶች ተበልቷል። ይሁን እንጂ አፈር የገባው ለምን እንደ ሆነ ሳያውቁ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም አዲሱንም ለዚያው ሞት ማዘጋጀት ነው። ምክንያቱ ያ የደረቀው ክሮቼራ ነበር። ክሮቼራው እንደ ልቡ ስለማይታጠፍ መኪናው ጕድጓድ በዘለለ ቁጥር ዘንጉ ኩሽኔታውን ወደ ጎን ይመታዋል፤ ከዚህም የተነሣ ጎማው ተቀደደ፤ አቧራ መከላከያውም ተነሣ፤ በበጋ አቧራው፣ በክረምት የጭቃው ውሃ ገባ። ከልክ በላይ መጫንም ይህን ያብሳል፤ ባሌስትራው ሲጐብጥ የዘንጉ መታጠፊያ አንግል ይለወጣልና። አባቴ ይህን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እንዳልጽፍ ቀልዶብኛል።

በሁለተኛው ቀን ዕቃ ፍለጋ ወጣን። በአንድ ሱቅ የሰጡን ኩሽኔታ በዐይን ሲታይ ከአሮጌው ጋር አንድ ነበር። ቤት ስናደርሰው ግን በዘንጉ ላይ ያለ አንዳች ግፊት ገብቶ ተንገዳገደ። የዚህ ጊዜ ነው የኩሽኔታን ቍጥር ማንበብ የተማርሁት። በቀለበቱ ጐን ላይ ከተቀረጸው ዋና ቍጥር የመጨረሻዎቹ 2 አኃዞች በ5 ሲባዙ የውስጠኛውን ቀዳዳ ስፋት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። የእኛው በ08 የሚጨርስ ስለ ሆነ ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተሰጠን ግን በ09 የሚጨርስ፣ 45 ሚሊ ሜትር ነበር። ይህ ደንብ ከ04 ጀምሮ ላሉት ይሠራል፤ ከ00 እስከ 03 ያሉት ግን 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊ ሜትር ናቸው። ስለዚህ ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው ቍጥሩን በወረቀት ጽፎ፣ የሚቻለውም አሮጌውን ዕቃ ይዞ ይሂድ። እኛም ተመልሰን በትክክለኛው ለወጥነው፤ ጎማውና ቅንፉ አብሮ የተገጠመውንም መረጥን፤ የተቀደደ ጎማ ይዞ አዲስ ኩሽኔታ መግጠም ትርፍ የለውምና። ለመካከለኛውም ቦታ አዲስ ክሮቼራ ገዛን።

ሲገጠም የሚጠበቅ አንድ ደንብ አለ። ኩሽኔታው ወደ ዘንጉ የሚገፋው በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ነው። በውጭኛው ላይ በመዶሻ የመታ ሰው ምቱን በኳሶቹ በኩል ስለሚያሳልፈው ቦዩ ከመጀመሪያው ቀን ይሰረጐዳል፤ ኩሽኔታው አዲስ ሳለ ያረጃል። እኛ በውስጠኛው ቀለበት ልክ የሆነ የውሃ ቧንቧ ቍራጭ ፈልገን በእርሱ ላይ ቀስ ብለን መታን። ቀጥሎ መግጠሚያው በምልክቱ ተመልሶ ገባ፤ አዲሱ ዳዶ መጽሐፉ በሚያዝዘው መጠን ጠብቆ ጠርዙ ወደ ቦዩ ተቀጠቀጠ። አሮጌውን ዳዶ መልሶ ማሰር ገንዘብ ይቈጥባል፤ ዳዶው በመንገድ ቢላላ ግን ዘንጉ አስፋልት ላይ ይወድቃል። ከዚያም ዘንጉን በቦታው ሰቅለን ምልክቶቹን አገናኘን። የቅንፉን ቡሎኖች መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስይዘን፣ ዘንጉን ጥቂት ጊዜ አዙረን፣ ጎማው ሳይጣመም በራሱ ቦታ ከተቀመጠ በኋላ አጠበቅናቸው። በመጨረሻም ለክሮቼራዎቹና ለተንሸራታቹ ጥርስ አሮጌው ግራሶ ተገፍቶ እስኪወጣ ድረስ አዲስ ግራሶ ሰጠን።

በሦስተኛው ቀን ማታ ከአባቴ ጋር ወደ ሁምቦ ጠበላ ወረድን። አባቴ ሬዲዮውን ዘጋ፤ መስኮቶቹንም ከፍ አደረግን። በ40 ዝም አለ፤ በ50ም ዝም አለ፤ በ60 የሰማነው የነፋሱንና የጎማውን ድምፅ ብቻ ነው። ስንመለስ ቡሎኖቹን በእጄ ዳሰስሁ፤ ኩሽኔታውንም ነካሁት፤ ለብ ከማለት በቀር አልጋለም። 500 ኪሎ ሜትር ያኽል ከሠራ በኋላ ቡሎኖቹን እንደገና በመፍቻ ሞከርናቸው፤ አንዱ ሩብ ዙር ያኽል ተቀበለ።

አሮጌው ኩሽኔታ አሁን በትምህርት ቤታችን የፊዚክስ ክፍል፣ ከመስኮቱ በታች ባለው ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ከአጠገቡም አንድ ደኅና ኩሽኔታ ተቀምጧል። የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱን በጣቱ አሽከርክሮ ድምፃቸውን ሊያስተያይ ይችላል።